የቅርንጫፍ ማኅበራት ድርሻ በጡረተኛ መምህራን ኑሮ

(በደብረ ማርቆስ በጡረተኛ መምህራን ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የጡረተኛ መምህራን ማኅበር ስለ ቅርንጫፎቹ በሚመክርበት ጉባኤ ላይ አንድ መሐንዲስ እንዲናገር መጋበዙ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሳይመስል አይቀርም። የእኔ ሥራ ውኃን ከምንጭ ወደ ሰፈር ማድረስ ነው። ሆኖም የተሰጠኝን ርእስ ደጋግሜ ባሰብሁት ቁጥር በሙያዬ ዘወትር ከሚያጋጥመኝ ጥያቄ ጋር አንድ ሆኖ አገኘሁት። ጥያቄውም በአንድ ቦታ የተከማቸ ነገር፣ ውኃም ይሁን ገንዘብ ወይም እውቀት፣ ርቆ ለሚኖረውና ወደ ምንጩ ሊሄድ ለማይችለው ሰው እንዴት ይደርሰዋል? የሚል ነው።

የመጠጥ ውኃ አገልግሎት የሚለካበትን መንገድ በአጭሩ ላስረዳ። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን፣ ማለትም ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም.፣ ለገጠር ነዋሪ የተወሰነው መለኪያ አንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ውኃ ከ1 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ርቀት እንዲያገኝ የሚል ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዕቅድ ደግሞ መለኪያው 15 ሊትርና 1.5 ኪሎ ሜትር ነበር። በዚህ መለኪያ ውስጥ ስለ ማጠራቀሚያው ስፋት የተነገረ ቃል እንደሌለ ልብ ይሏል። የሚጠየቀው ስንት ሊትር እንደ ደረሰና ሰውየው ስንት እንደ ተጓዘ ነው። ማጠራቀሚያው ሞልቶ እየፈሰሰ ቦኖው ከደረቀ፣ እንስራ ይዛ ለቆመችው እናት በሰፈሩ ውኃ አለ ሊባል አይችልም።

ማኅበራችሁም በዚሁ መለኪያ ቢመዘን መልካም ነው እላለሁ። ዋናው ጽሕፈት ቤት ማጠራቀሚያው ነው፤ ቅርንጫፉ ቦኖው ነው። የማኅበሩ ጥንካሬ የሚታወቀው ዋናው ጽሕፈት ቤት ባለው አዳራሽና ማኅተም ሳይሆን፣ ከሁሉ ርቆ የሚኖረው፣ ዕድሜው ከሁሉ የገፋው፣ እግሩ ከሁሉ የደከመው አባል በሚያገኘው አገልግሎት ነው። ዛሬ የማቀርብላችሁ ሐሳብ በጠቅላላው ይኸው ነው፤ የቀረው ማስረጃና ማብራሪያ ነው።

በመጀመሪያ፣ በሥራ ላይ ባለ መምህርና በጡረታ በወጣ መምህር መካከል ያለውን ልዩነት እንመልከት። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር በ1941 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ የማኅበሩ ሥር ትምህርት ቤቱ ነበር። መምህሩ ማኅበሩን ፍለጋ ከቤቱ መውጣት አላስፈለገውም፤ ማኅበሩ ያለው በሚያስተምርበት ግቢ፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነው። መዋጮው ከደመወዙ ላይ ይቀነሳል፤ ማስታወቂያው በግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ያልመጣውን ሰው ባልደረባው «ምነው ቀረህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሴክተር ሪቪው የተባለውን የትምህርት ጥናት ተቃውመው ሥራ ባቆሙ ጊዜ ድምፃቸው ከዋና ከተማው አልፎ በየጠቅላይ ግዛቱ ሊሰማ የቻለው፣ ማኅበሩ በየትምህርት ቤቱ አባላት ስለ ነበሩት ነው።

መምህሩ ጡረታ በወጣ ማግሥት ግን ይህ ሥር ይቆረጣል። ስሙ ከደመወዝ መዝገቡ ይወጣል፤ የማስታወቂያው ሰሌዳ ከዓይኑ ይርቃል፤ «ምነው ቀረህ?» የሚለው ባልደረባም አንዱ ወደ ልጁ ዘንድ አዲስ አበባ፣ ሌላው ወደ ትውልድ ቀበሌው ይበተናል። ስለዚህ የጡረተኛ መምህራን ማኅበር በሥራ ላይ ያሉትን መምህራን ማኅበር አደረጃጀት እንዳለ ቢገለብጥ ሥር የሌለው ዛፍ ይተክላል። በሥራ ላይ ያለው መምህር ማኅበሩን የሚያገኘው በመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ጡረተኛው ሊያገኘው የሚችለው በሰፈሩ ብቻ ነው። ለእርሱ ከቅርንጫፉ በቀር ማኅበር የለውም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው ነጥብ የመረጃ ጉዳይ ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ከእንጀራ ጋር የተያያዘ ነው። በዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁት አብዛኞቻችሁ ሥራ የጀመራችሁት ጎጃም አንድ ክፍለ ሀገር በነበረበት ዘመን ነው። ያኔ ክፍለ ሀገሩ ደብረ ማርቆስ፣ ቢቸና፣ ሞጣ፣ ቆላ ደጋ ዳሞት፣ አገው ምድር፣ ባሕር ዳርና መተከል በሚባሉ አውራጃዎች የተከፈለ ሲሆን፣ ዋና ከተማው ይህችው ደብረ ማርቆስ ነበረች። መምህሩ ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው ይዛወር ነበር፤ ፋይሉም ተከትሎት ይሄዳል፣ ወይም ሳይከተለው ይቀራል። በ1980 ዓ.ም. ጎጃም በምሥራቅ ጎጃም፣ በምዕራብ ጎጃምና በመተከል አስተዳደር አካባቢዎች ተከፈለ። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ክልሎች ሲቋቋሙ መተከል ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሄደ፤ አገው ምድር በአዊ ሥር ሆነ፤ ቢቸናና ሞጣ በምሥራቅ ጎጃም ዞን ውስጥ ቀሩ።

አሁን ለምሳሌ ያህል አንድ መምህር በሐሳባችን እንውሰድ። በ1972 ዓ.ም. ተቀጥሮ መተከል አውራጃ ወንበራ ላይ 5 ዓመት አስተማረ። ቀን ሕፃናቱን፣ ማታ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጎልማሶቹን ሲያስተምር ኖረ። ከዚያ ወደ አገው ምድር ተዛውሮ 7 ዓመት፣ በመጨረሻም ወደ ቢቸና መጥቶ እስከ 2007 ዓ.ም. አገለገለ። ይህ ሰው ከጎጃም ምድር አንድ ቀን አልወጣም። የአገልግሎቱ ማስረጃ ግን ዛሬ በሁለት ክልሎችና በሦስት የተለያዩ አስተዳደሮች እጅ ተበትኖ ይገኛል።

የተበተነው ወረቀት ዋጋው ምን ያህል ነው? በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714፣ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 እስኪተካ ድረስ ይሠራበት የነበረው ስሌት የሚከተለው ነው። ለ10 ዓመት አገልግሎት ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይታሰባል፤ ከዚያ በላይ ለተገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጠቅላላው ከ70 በመቶ እንዳያልፍ ተወስኗል። እንግዲህ የምሳሌያችን መምህር 35 ዓመት ስላገለገለ የሚገባው 61.25 በመቶ ነው። ለስሌት እንዲመች አማካይ ደመወዙን 4,000 ብር ብናደርገው የወር አበሉ 2,450 ብር ይሆናል። የወንበራው 5 ዓመት ማስረጃ ካልተገኘ ግን አገልግሎቱ 30 ዓመት ብቻ ተብሎ 55 በመቶ ይታሰብለታል፤ አበሉም 2,200 ብር ይሆናል። ልዩነቱ በወር 250 ብር፣ በዓመት 3,000 ብር፣ መምህሩ 15 ዓመት በጡረታ ቢኖር 45,000 ብር ነው። ጉዳቱም ከእርሱ ጋር አይቀበርም። የሟች ሚስት የምታገኘው የባሏን አበል 50 በመቶ በመሆኑ፣ የጎደለው ወረቀት የእርሷንም ድርሻ ከ1,225 ብር ወደ 1,100 ብር ዝቅ ያደርገዋል።

እኔ በሥራዬ ከመሬት በታች ተሰውሮ የሚያፈስ ቧንቧ ምን ያህል እንደሚጎዳ አውቃለሁ። አንዲት ጠብታ ስለሆነች ማንም አያስተውላትም፤ ዓመቱን ሙሉ ስትንጠባጠብ ግን ማጠራቀሚያውን ታጎድላለች። የጠፋ የአገልግሎት ማስረጃም እንዲሁ ነው።

ይህን ቀዳዳ ማን ይደፍነዋል? አዲስ አበባ ያለው ዋና ጽሕፈት ቤት በ1972 ዓ.ም. የወንበራ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ማን እንደ ነበረ አያውቅም። የደመወዝ ሰነዱ በየትኛው መሥሪያ ቤት መጋዘን እንደሚገኝም ሊያውቅ አይችልም። ይህን የሚያውቁት በዚያን ጊዜ አብረው ያስተማሩ ሰዎች ናቸው። እነርሱም ዛሬ በደብረ ማርቆስ፣ በቢቸና፣ በሞጣ፣ በዳንግላና በቻግኒ ጡረታ ወጥተው ተቀምጠዋል። የቢቸናው ቅርንጫፍ ለዳንግላው፣ የዳንግላው ለቻግኒው ደብዳቤ ቢጽፍ አንድ ሽማግሌ ለብቻው ሦስት ዓመት የሚንከራተትበት ጉዳይ አጭር መንገድ ያገኛል። በዚህ ረገድ ቅርንጫፍ ማለት ከላይ ትእዛዝ የሚቀበል ክፍል ብቻ አይደለም፤ ከጎኑ ካለው ወንድሙ ጋር የሚነጋገር ጭምር ነው። በውኃ ሥራም ጥሩ መረብ የምንለው መስመሮቹ እርስ በርስ የተያያዙበትን ነው፤ አንዱ ቢሰበር ውኃው በሌላው ዞሮ ይደርሳል።

ሦስተኛው ነጥብ የአደረጃጀት ጉዳይ ነው። ቅርንጫፍ ሲባል ብዙ ጊዜ በሐሳባችን የሚመጣው ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ማኅተምና አንድ ክፍል ቤት ነው። ይህ ሁሉ አስፈላጊ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በምሥራቅ ጎጃም ደጋ ላይ፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ፣ በስናንና በቢቡኝ ወረዳዎች የሚኖር የ75 ዓመት መምህር በክረምት ጭቃና ብርድ ወደ ወረዳው ከተማ ወርዶ ስብሰባ ይካፈላል ብሎ መጠበቅ አይገባም። ቅርንጫፉም ቦኖውን ወደ እርሱ የሚያቀርብበት ዘዴ ያስፈልገዋል።

ዘዴውን ከውጭ አገር መፈለግ አያሻንም፤ አባቶቻችን ትተውልን አልፈዋል። አንደኛው እድር ነው። እድር ሰፈሩን ቤት በቤት ያውቃል፤ ዳኛው አባሉን በስሙ ይጠራል፤ ኀዘን በደረሰበት ሰዓት ድንኳኑ ይተከላል። ጉድለቱ ግን ዋና ሥራው ከሞት በኋላ መጀመሩ ነው። ቅርንጫፋችሁ በአደረጃጀቱ እድርን ቢመስል፣ በሥራው ግን በሕይወት ላሉት ቢደርስ ምንኛ መልካም ነው። መምህሩ በታመመ ጊዜ የሚጠይቀው፣ ዓይኑ በደከመ ጊዜ ደብዳቤውን የሚያነብለት፣ ወደ ባንክ መሄድ ባቃተው ጊዜ የሚደግፈው ሰው ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የጽዋ ማኅበር ነው። «ማኅበር» የሚለውን ቃል የአገራችን ሰው ከሠራተኛ ማኅበርና ከሙያ ማኅበር በፊት የሚያውቀው በዚህ ነው። ማኅበርተኞቹ በየወሩ በታቦቱ ቀን በተራ በየቤታቸው ይገናኛሉ። አባላቱ 12 ቢሆኑ በዓመት ውስጥ የእያንዳንዱ ቤት አንድ ጊዜ ይጎበኛል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ አንድ ታላቅ ጥበብ አለ፤ ይኸውም የአባሉን ኑሮ በዓይን ማየት ነው። በአዳራሽ ስብሰባ ላይ «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል መምህር፣ ቤቱ ሲኬድ ጣራው የሚያፈስ ሆኖ ይገኛል። የጎጃም ሰው ችግሩን በአደባባይ አይናገርም፤ መምህር ደግሞ የባሰ አይናገርም። ትላንት የሰፈሩ ልጆች ሁሉ አስተማሪ የነበረ ሰው ዛሬ ተቸግሬአለሁ ለማለት አንደበቱ አይፈታም። ይህን ዝምታ ሊሰማ የሚችለው ቤቱ የሚገባ ብቻ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ ታሪክ ከሌላ አገር ልጥቀስ። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ኤተል ፐርሲ አንድረስ የተባሉ በጡረታ የወጡ ርእሰ መምህርት ነበሩ። ጡረታ የወጡ መምህራንን ኑሮ የመከታተል ኃላፊነት ተቀብለው በሚሠሩበት ጊዜ፣ አንዲት አሮጊት መምህርት ዶሮ ለማርቢያ በተሠራ ዛኒጋባ ውስጥ ሲኖሩ አገኙ። ይህ ግኝት አንድረስን ወደ ታላቅ ሥራ አነሣሣቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1947 ብሔራዊ የጡረተኛ መምህራን ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1956 ለአባላቱ የቡድን የጤና ዋስትና አስገኙ፤ በ1958 ደግሞ ሥራቸውን በመምህራን ሳይወስኑ ለጡረተኞች ሁሉ የሚሆን ማኅበር መሠረቱ። ያ ማኅበር ዛሬ በአገሪቱ ካሉት ማኅበራት ሁሉ በትልቅነቱ ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። የዚህ ሁሉ መነሻ ግን ከቢሮ ወጥቶ የአንዲት ጡረተኛን ደጃፍ ማየት ነበር።

አራተኛው ነጥብ ቅርንጫፉ ብቻውን መቆም መቻሉ ነው። ከደብረ ማርቆስ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በመካከሉ የዓባይ ሸለቆ አለ። በሰላሙ ዘመን እንኳ የመሬት መንሸራተት የሚያስቸግረው መንገድ ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን ግጭት ከተባባሰ ወዲህ ደግሞ መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ትምህርት ቤቶች ደጃቸውን ዘግተው ሲቀመጡ አይተናል። በእንዲህ ያለ ጊዜ እያንዳንዱን ጉዳይ ከዋናው ጽሕፈት ቤት ፈቃድ የሚጠብቅ ቅርንጫፍ ከመስመር እንደ ተቆረጠ ቦኖ ይደርቃል። የራሱ መዝገብ፣ የራሱ መጠነኛ ገንዘብና የራሱ ውሳኔ ሰጪ ሰዎች ያሉት ግን የራሱ ምንጭ እንዳለው ቦኖ ነው፤ መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ለሰፈሩ ውኃ አያጣም።

ትምህርት ቤቶችን ካነሣሁ አይቀር፣ ቅርንጫፉ የሚቀበል ብቻ ሳይሆን የሚሰጥም ሊሆን እንደሚችል ላመልክት። ይህች ምድር የዲማ፣ የደብረ ኤልያስና የዋሸራ ቅኔ ቤቶች አገር ናት። በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች መምህሩ አረጀ ተብሎ ከወንበሩ አይነሣም፤ ዕድሜው በገፋ መጠን ተማሪው ይበዛለታል። የዘመናዊው ትምህርት ሥርዓት ግን መምህሩን በ60 ዓመቱ ያሰናብታል። በሰፈራችሁ ከትምህርት ገበታ የተለዩ ልጆች ባሉበት በዚህ ጊዜ፣ የቅርንጫፉ አባላት በሳምንት ጥቂት ሰዓት ንባብና ሒሳብ ቢያስተምሩ ለልጆቹ ብርሃን፣ ለመምህሩም ክብር ይሆናል። ይህ ግን በፈቃድና በአቅም የሚደረግ እንጂ በጡረተኛ ላይ የሚጫን ግዴታ መሆን የለበትም።

አንዳንድ ወገኖች በዚህ ሐሳብ ላይ ሊያነሡት የሚችሉትን ጥያቄ አልዘነጋሁትም። «ቅርንጫፎች በረቱ ማለት ማኅበሩ ይከፋፈላል፤ ገንዘቡም በየቦታው ተበትኖ ይባክናል» የሚሉ ይኖራሉ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ዋናው ጽሕፈት ቤት የራሱ የሆነ፣ ማንም ቅርንጫፍ ሊሠራው የማይችል ሥራ አለው። ስለ ጡረታ ሕግ ከመንግሥት ጋር መነጋገር፣ የኑሮ ውድነት ያዋረደው አበል እንዲሻሻል መጠየቅ፣ ከማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ጋር አሠራር መዋዋል፣ የቅርንጫፎችን ሒሳብ መመርመር የእርሱ ነው። ሆኖም ይህን ሥራ በሚገባ ሊያከናውን የሚችለው ከታች ትክክለኛ መረጃ ሲደርሰው ነው። «ብዙ አባሎቻችን ተቸግረዋል» ብሎ ባለሥልጣን ፊት መቅረብ አንድ ነገር ነው፤ «በዚህ ዞን ይህን ያህል አባላት የዚህን ያህል ዓመት ማስረጃ አጥተዋል» ብሎ ዝርዝር ይዞ መቅረብ ሌላ ነው። ስለዚህ ቅርንጫፍ ሲበረታ ማዕከሉ አይደክምም፤ የሚናገርበት ቃል ያገኛል።

የተከበራችሁ የጉባኤው ተሳታፊዎች፤

ንግግሬ ምክር ብቻ ሆኖ እንዳይቀር በተግባር ሊጀመሩ የሚችሉ አራት ነገሮችን ላቅርብ።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የአባላት መዝገብ ያዘጋጅ። በመዝገቡ ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ የሚኖርበት ቀበሌና የስልክ ቁጥር ብቻ ሳይሆን፣ አባሉ በየትኛው ዓመት በየትኛው ትምህርት ቤት እንዳስተማረ፣ የትኛው ማስረጃ በእጁ እንዳለ፣ የትኛው እንደ ጎደለ ይጻፍ። የትዳር ጓደኛውም ስም አብሮ ይመዝገብ፤ መምህሩ ባለፈ ጊዜ ሚስቱ ወዴት እንደምትሄድ እንድታውቅ።

ሁለተኛ፣ በየቅርንጫፉ ሥር ከ12 የማይበልጡ ጎረቤታሞች የሚገኙበት ቡድን ይቋቋም፤ በወር አንድ ጊዜ በተራ በየቤቱ ይገናኝ። ድግስ አያስፈልግም፤ አንድ ጀበና ቡና ይበቃል። ከቤቱ ሊወጣ የማይችል አባል ካለ ተራው ሳይጠበቅ ወደ እርሱ ይኬድ።

ሦስተኛ፣ የማስረጃው ሥራ ጡረታ ከመውጣት በፊት ይጀመር። ቅርንጫፉ 55 ዓመት የሞላቸውን በሥራ ላይ ያሉ መምህራን ጠርቶ ፋይላቸውን እንዲያዩ ይምከራቸው። የሚያውቋቸው ባልደረቦች በሕይወት ባሉበት፣ ሰነዱም ባልጠፋበት ጊዜ የሚፈለግ ወረቀት ይገኛል። ይህን ካደረጋችሁ ደግሞ ወጣቶቹ መምህራን ማኅበራችሁን ከወዲሁ ይለምዱታል።

አራተኛ፣ ከሚሰበሰበው መዋጮ የሚበልጠው እጅ በቅርንጫፉ ይቅር። ወጪው በየሦስት ወሩ በአባላት ፊት ይነበብ። ገንዘቡ ወዴት እንደ ሄደ በዓይኑ የሚያይ አባል መዋጮውን አያቋርጥም።

እነዚህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም። አንድ ደብተር፣ አንድ እስክርቢቶና እግራቸው ገና ያልደከመ ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ይበቃሉ። ደብተር አያያዝንም ሆነ ስም ጠሪነትን ለመምህራን ማስተማር ለእኔ ድፍረት ይሆናል። ዕድሜ ልካችሁን በየጠዋቱ የተማሪዎቻችሁን ስም ስትጠሩ፣ የቀረውን ልጅ ምን ሆነ ብላችሁ ስትጠይቁ ኖራችኋል። ያ ልማድ አሁን ለእናንተው ለራሳችሁ ያስፈልጋችኋል።

ስለዚህ በሚመጣው ዓመት ጉባኤ ላይ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ሪፖርቱን ሲያቀርብ፣ ስንት ስብሰባ እንደ ተደረገ ከመናገሩ በፊት አንድ ጥያቄ ይመልስ ብዬ አሳስባለሁ። በመዝገባችን ላይ ከሁሉ ርቆ የሚኖረው አባል ማን ነው? በዚህ ዓመትስ ደጃፉን የረገጠ አለ ወይ? መልሱ «አዎ» ከሆነ ውኃው ደርሷል ማለት ነው። «የለም» ከሆነ ግን መስመሩን ከዚያ ደጃፍ ጀምሮ ወደ ኋላ መመርመር ይገባል፤ እኛም መሐንዲሶች የምናደርገው እንዲሁ ነው።